ሀኪም ኦላጁዎን፦ ከሌጎስ የእጅ ኳስ ሜዳ እስከ ሂዩስተን ዩኒቨርሲቲ

የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ሀኪም ኦላጁዎን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 21 ቀን 1963 በናይጄሪያ ሌጎስ ከተማ ተወለደ። የዮሩባ ተወላጆች የሆኑት ወላጆቹ ሲሚንቶ በመነገድ ይተዳደሩ ነበር። በልጅነቱ በእግር ኳስ ግብ ጠባቂ ነበር፤ እጅ ኳስም ይጫወት ነበር። ቅርጫት ኳስ የጀመረው ከአሥራዎቹ ዕድሜው አጋማሽ ወዲህ በሌጎስ የሙስሊም መምህራን ኮሌጅ ሳለ ነው። በኋላ ተከላካዮችን ግራ ያጋባው የእግሩ ቅልጥፍና ከእነዚያ ሁለት ስፖርቶች የመጣ መሆኑን ራሱ መስክሯል።

በ1980 አሜሪካ ወደሚገኘው ሂዩስተን ዩኒቨርሲቲ ተጓዘ። አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበለው ሰው እንዳልነበረና ታክሲ ይዞ እንዲመጣ እንደተነገረው በሰፊው ይተረካል። አሠልጣኙ ጋይ ሉዊስ ብዙ እንዳልጠበቁበት ግን አያጠራጥርም። የመጀመሪያውን ዓመት ሳይሰለፍ አሳለፈ፤ በ1981–82 ደግሞ ከተቀያሪ ወንበር እየተነሣ በአማካይ 8.3 ነጥብ አስቆጠረ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በቀጣዩ ክረምት ነው። በአሠልጣኙ ምክር በከተማው ፎንዴ የመዝናኛ ማዕከል ከሞሰስ ማሎን ጋር መጋጠም ያዘ። ማሎን በወቅቱ የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ቅርጫት ኳስ ሊግ (ኤን ቢ ኤ) ኮከብ ተጫዋች ነበር፤ ጉልበቱም የሚቀመስ አልነበረም። ወጣቱ በየቀኑ እየተገፋ፣ እየወደቀና እየተነሣ ከቀለበቱ ሥር ቦታ መያዝን ተማረ።

ውጤቱ በ1983 ታየ። ክላይድ ድሬክስለርን የያዘውና ‘ፋይ ስላማ ጃማ’ የሚል ቅጽል ስም የወጣለት ድንቁ የሂዩስተን ቡድን 26 ጨዋታዎችን በተከታታይ አሸንፎ ለአሜሪካ ኮሌጆች ሻምፒዮና ፍጻሜ ደረሰ። በግማሽ ፍጻሜው ሉዊቪልን 94 ለ 81 ሲረቱ ኦላጁዎን 21 ነጥብና 22 ሪባውንድ (ተስቶ የተመለሰ ኳስ መያዝ) አስመዘገበ። የፍጻሜው ጨዋታ የተካሄደው ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በምትገኘው አልባከርኪ በመሆኑ የአየሩ መሳሳት ተጫዋቾቹን አድክሟቸዋል። ሉዊስ ቡድናቸው እየመራ ጨዋታውን እንዲቀዘቅዝ ማድረጋቸው ስህተት ነበር የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ውጤቱ 52 ለ 52 ሳለ የሰሜን ካሮላይና ስቴቱ ዴሪክ ዊተንበርግ ከሩቅ ወረወረ። ኳሷ ቀለበቱ ጋ ሳትደርስ ስትወርድ ሎረንዞ ቻርልስ አየር ላይ ቀልቦ ከተታት፤ ሰዓቱም አበቃ። 20 ነጥብና 18 ሪባውንድ የያዘው ኦላጁዎን ዋንጫውን ቢያጣም የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ከዚያ ወዲህ ከተሸናፊ ቡድን ይህን ክብር ያገኘ የለም።

በ1983–84 በሪባውንድ፣ በብሎክ (የተጋጣሚን ውርወራ በማገድ) እና ውርወራን ወደ ነጥብ በመቀየር መጠን የአገሪቱን ኮሌጆች መራ። ሂዩስተን ግን በፍጻሜው በፓትሪክ ዩዊንግ ጆርጅታውን 84 ለ 75 ተሸነፈ።

ቁመቱ በይፋ 2.13 ሜትር ነው፤ ጥቂት ያንሳል የሚሉ አሉ። በዘመኑ የጽሑፍ መዛግብት ስሙ ‘አኪም’ ተብሎ ይገኛል፤ በ1991 ራሱ አስተካክሎታል።

ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚወስዱበት የ1984 የኤን ቢ ኤ ምርጫ ቀዳሚው ዕድል በሂዩስተን ሮኬትስና በፖርትላንድ ክለቦች መካከል በሳንቲም ዕጣ ተወሰነ። ዕጣው ለሮኬትስ ወጣ፤ እነርሱም ኦላጁዎንን በአንደኝነት መረጡ። ማይክል ጆርዳን የተጠራው ሦስተኛ ነበር።