ሳር ኤዲሲ ምንድን ነው? ሳሩን አይቶ ገደሉን የሳተ ሰው ማስታወሻ

ስሙ ያስቃል። የእንግሊዝኛው ምህጻረ ቃል (SAR፣ Successive Approximation Register) ሲነበብ «ሳር» ነው፣ ከብት የሚግጠው ሳር። ኤዲሲ ቮልቴጅን ወደ ቁጥር የሚቀይር ዕቃ ሲሆን፣ ሳር ደግሞ ይህን ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ ነው።

አሠራሩን ለማወቅ ኤሌክትሮኒክስ መማር አያስፈልግም፤ ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ያየ ሰው ይገባዋል። ክብደቱን የማታውቁትን ዕቃ በአንዱ ሳህን ላይ አድርጋችሁ በሌላው ግማሽ ኪሎ ታስቀምጣላችሁ። ዕቃው ከከበደ ግማሹን እዚያው ትታችሁ ሩቡን ትጨምራላችሁ፤ ከቀለለ ግማሹን አንስታችሁ በሩቡ ትሞክራላችሁ። ከዚያ የሩብ ግማሽ፣ የዚያም ግማሽ። በቃ።

አሁን 3.3 ቮልት አስገቡና ጣሪያው 5 ቮልት ይሁን። ከ2.5 ይበልጣል? አዎ፣ 1። ከ3.75? የለም፣ 0። ከ3.125? አዎ፣ 1። ከ3.4375? የለም፣ 0። እያንዳንዱ 1 ወይም 0 ቢት ይባላል። እንዲህ 10 ጊዜ ከተጠየቀ፣ ማለትም በ10 ቢት፣ 5 ቮልቱ 1024 ቦታ ይከፈላል፤ አንዱ እርከን 4.88 ሚሊቮልት ያህል ነው። «ይበልጣል ወይስ ያንሳል» ብሎ የሚፈርደው ኮምፓራተር አንድ ብቻ ነው። ፍላሽ የሚባለው ፈጣኑ ዘመድ ለ8 ቢት ብቻ 255 ኮምፓራተር ይፈልጋል! ሳር በትንሽ ዕቃ ተራ በተራ እየጠየቀ ይደርሳል፣ ዋጋውን በጊዜ ይከፍላል።

ሚዛኑ ላይ የሚቀመጡት «ብረቶች» ካፓሲተሮች፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትናንሽ ዕቃዎች ናቸው። በ1975 ጄምስ ማክሪሪ እና ፖል ግሬይ በርክሌይ ውስጥ ይህን ዘዴ ካሳዩ ወዲህ መንገዱ ያው ነው። ለዲዛይነሩ ራስ ምታት የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። ካፓሲተሩን ካሳነስከው ቶሎ ይሞላል፣ ኃይል ይቆጥባል፣ ቺፑም ይረክሳል። ግን በ10 ቢት ትልቁ 512 አሃድ፣ የቀሩት ሁሉ ተደምረው 511 ናቸው፤ ትልቁ በግማሽ ፐርሰንት ብቻ ቢሳሳት ልክ መሃሉ ላይ ቁጥሩ ከሁለት እርከን በላይ ይዘላል። ትንሽ ካፓሲተር ደግሞ እኩል አድርጎ መሥራት ከባድ ነው።

ካሳደግከው ይረጋጋል፣ ግን ይዘገያል። ሙቀት ራሱ ጫጫታ አለው፦ 1 ፒኮፋራድ ካፓሲተር በክፍል ሙቀት 64 ማይክሮቮልት ያህል ይንቀጠቀጣል። ለ10 ቢት ይህ ምንም አይደለም። በ16 ቢት ግን አንዱ እርከን 76 ማይክሮቮልት ስለሆነ ልክ እርከኑን ያህል ሊያንቀጠቅጥህ ነው። ጫጫታውን በግማሽ ለመቀነስ ካፓሲተሩን አራት እጥፍ ማድረግ አለብህ። አራት እጥፍ! በእኔ እምነት የሳር ዲዛይን ክርክር ሁሉ የዚህች ካፓሲተር ክርክር ነው።

ሌላም ጣጣ አለ። ሳር ወደ ኋላ አይመለስም። ያ 3.3 ቮልት የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ በስህተት «አይበልጥም» ከተባለ፣ የቀሩት ቢቶች ሁሉ ቢደመሩ 2.5 አይሞሉም፤ መልሱ 2.495 ላይ ተገትሮ ይቀራል። ስለዚህ አንዳንዶች አንድ ሁለት ትርፍ ጥያቄ ጨምረው ስህተቱን እንዲያርም ያደርጉታል።

እኔ ይህን ሁሉ የተማርኩት ከባትሪ ነው። አርዱዪኖ ኡኖ በምትባል፣ ቺፗ ውስጥ ባለ 10 ቢት ሳር ኤዲሲ ባለባት ትንሽ የፕሮግራም ሰሌዳ ላይ የሶላር ፓኔልና የ12 ቮልት ባትሪ የሚለካ ነገር ሠራሁ። ባትሪው ኃይል እንዳይባክንበት ብዬ በ1 ሜጋኦምና በ470 ኪሎኦም ሬዚስተር ቮልቴጁን አካፈልኩት። ብልጥ ነኝ ብዬ ነው። ቀን ደህና ይሠራል፣ ሲመሽ 11.7 ያሳያል። ባትሪው ሞቷል ብዬ አዲስ ልገዛ ስል መልቲሜትር አስነካሁት፦ 12.6።

አንት በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ። 10 ቢት የሚለውን አይቼ ከጀርባው ያለውን አላየሁም። የዚያ ቺፕ መያዣ ካፓሲተር 14 ፒኮፋራድ ያህል ነው፣ ቮልቴጁን የሚቀዳበት ጊዜም በተለመደው ፍጥነት 12 ማይክሮ ሰከንድ። በእኔ ሬዚስተሮች በኩል ግን በ10 ቢት ልክ ለመሙላት 34 ያህል ይፈልጋል። ሳይሞላ ይቆረጣል ማለት ነው። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ፓኔሉን ቀጥሎ ባትሪውን ስለሚያነብ፣ ማታ ፓኔሉ ዜሮ ሲሆን ካፓሲተሩ ከባዶ ተነስቶ 93 ፐርሰንት ያህል ላይ ይደርሳል። 12.6ን በ93 ፐርሰንት አባዙት እስኪ።

የቺፑ ሰነድ ቮልቴጁ የሚመጣበት ሬዚስተር ከ10 ኪሎኦም አይብለጥ ይላል፣ ማን ያነባል። መፍትሄው የሳንቲም ነገር ነበር፦ ከፒኑ ወደ ግራውንድ አንዲት 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር። ከውስጠኛዋ 7000 እጥፍ ስለምትበልጥ ቀድታላት የምታጎድለው ከግማሽ እርከን በታች ነው። እሷም ታዲያ በነፃ አልመጣችም፤ በእነዚያ ሬዚስተሮች በኩል ለውጥን ለመከተል በአስርና በመቶ የሚቆጠር ሚሊ ሰከንድ ትፈጃለች። ባትሪ በዚያ ፍጥነት ስለማይለዋወጥ ለእኔ ግድ የለም። ማይክሮፎን ላይ ግን ብትሞክሩት ድምፁ ተውጦ ይቀራል፤ እዚያ ኦፕአምፕ (ቮልቴጁን ተቀብሎ በራሱ ጉልበት የሚያስተላልፍ ቺፕ) መሃል ማስገባት ነው፣ እሱም ሌት ተቀን ከባትሪው ይበላል።