ሐኪሙም ይጸልያል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሸንኮራ ዮሐንስ ወይም ጻድቃኔ ማርያም ጠበል ገብቶ የተመለሰ ሕመምተኛ፣ ደብረ ብርሃን ሐኪም ፊት ሲቀርብ ብዙ ጊዜ የጠበሉን ነገር አያነሣም። ቁጣ ይፈራል። ሐኪሙም አይጠይቅም። ሁለቱም አንገታቸው ላይ ማዕተብ አለ እኮ! በዚህ ዝምታ መካከል ግን የስኳሩ መርፌ በሱባዔ ተቋርጦ ይገኛል።

ጌታ 38 ዓመት የታመመውን ሰው በመጠመቂያው ዳር አግኝቶ «ልትድን ትወዳለህን?» አለው (ዮሐ. 5፥6)። ሁሉን እያወቀ ጠየቀው። ሰውየው ደዌውን አልዘረዘረም፤ ወደ ውኃው የሚያወርደኝ ሰው የለኝም አለ። ባይጠየቅ ኖሮ ይህ ብቸኝነቱ አይወጣም ነበር።

የቤተሰብ ሕክምና በአገራችን በስፔሻሊቲ ደረጃ መሰጠት የጀመረው በ2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሰውን ከነቤተሰቡና ከነኑሮው ማየት ነው ሙያው። የእኛ ሰው ኑሮ ደግሞ ያለ ጾም፣ ያለ ጠበል፣ ያለ ንስሐ አባት ምን ይታያል? ስለዚህ «እማማ፣ ጠበል ገብተው ነበር? መድኃኒቱንስ ያኔ ይወስዱ ነበር? ሲጾሙ እስከ ስንት ሰዓት ነው?» ማለት ሕክምና ነው። መስበክ ግን ሌላ ነው። ታማሚው እምቢ ለማለት አቅም በሌለበት ሰዓት ነጭ ጋዋን ለብሶ መስበክ፣ ለእኔ ከማስገደድ አይለይም። ሙስሊም ከሆነ ስለ ሶላቱና ስለ ረመዳን ጾሙ በዚያው አክብሮት ይጠየቅ።

ጸሎትና መድኃኒት ይጣላሉ የሚል ካለ ሕዝቅያስን ያንብብ፦ እንባው ታየለት፣ ጸሎቱ ተሰማለት፣ ኢሳይያስ ግን የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግለት አዘዘ (ኢሳ. 38)። አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒትን ከጠበል ጋር መውሰድ እንደሚቻል አስተምረዋል።

ስለ ሐኪሙ ነፍስ ግን ማን ያስባል? መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብሩ ካለ በኋላ፣ ሐኪሞችም ራሳቸው ፈውስ እንዲሰምርላቸው ወደ እግዚአብሔር እንደሚለምኑ ይናገራል። ሌሊት ተረኛ ሆኖ ሕፃን በእጁ ያረፈበት ሐኪም ጠዋት ካርድ ሲጠራ፣ ሐዘኑን የሚያራግፍበት ቦታ የለውም። ወንድሜ፣ እህቴ፣ ንስሐ አባታችሁ ለዚህም ናቸው። ሐዘናችሁን ንገሯቸው፤ የታማሚውን ምስጢር ግን አታውጡ። ጸሎት እንዲደረግለት ከፈለገ የክርስትና ስሙን በፈቃዱ መስጠት ይበቃል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።