የእርጥብ በረዶ ናዳ ምንድን ነው?

ሰማዩ የጠራ፣ ነፋስ የሌለበት፣ ፀሐይ የደመቀችበት የፀደይ ቀን። ተራራ ለመውጣት ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝም ያሰኛል። ግን ጠዋት እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ሰው ሲሸከም የነበረው በረዶ ከሰዓት በኋላ ራሱንም መሸከም ያቅተዋል። ተላቆ ቁልቁል ይወርዳል። የእርጥብ በረዶ ናዳ የሚባለው ይሄ ነው።

መጀመሪያ ስለ ቃሉ። እኛ በረዶ ስንል ከዝናብ ጋር የሚወርደውን ጠጠርም፣ ረግቶ የጠነከረ ውሃንም፣ እንደ ጥጥ ብን እያለ የሚወርደውንም በአንድ ስም ነው የምንጠራው። እዚህ የማወራው ስለ መጨረሻው ነው። ይሄኛው በብርዱ ወራት ተራራው ላይ ንብርብር እየሠራ ይከመራል። አንዱ ንብርብር ጠንካራ ነው፣ ሌላው እንደ ስኳር የማይያያዝ። ከእነዚህ የተወሰኑት ወይም ሁሉም ተላቀው ሲወርዱ ናዳ ይባላል። አቫላንሽ የሚለውም ስም ተለምዷል።

በብርዱ ወራት ሰው የሚገድለው ናዳ በአብዛኛው ደረቅ ነው። ከታች ደካማ ንብርብር አለ፣ ከላዩ ደግሞ እርስ በርሱ የተያያዘ በረዶ ተነጥፏል። ሰው ሲረግጠው ደካማው ይሰበራል፣ የላዩም እንደ መስታወት ተሰንጥቆ ይንሸራተታል። አብዛኛውን ጊዜ ናዳውን የሚቀሰቅሰው ራሱ ተጎጂው ወይም አብሮት ያለ ሰው ነው። የእርጥቡ ጠባይ ግን ሌላ ነው። ማንም ሳይነካው በራሱ ሰዓት ሊወርድ ይችላል። ከስር ስታልፉ ካገኛችሁ፣ አገኛችሁ።

ለምን? በውሃው ምክንያት። አሸዋ አስቡ። ትንሽ እርጥበት ሲነካው ይያያዛል፣ ቅርጽም ይይዛል። ውሃው ሲበዛ ግን ይፈሳል። በረዶም እንደዚያው ነው። ትንሽ ሲቀልጥ ይጣበቃል፣ ውሃው ሲበዛ ቅንጣቶቹን ያያያዘው ድልድይ ይሟሟል። ውሃው ወደ ውስጥ ይሰርጋል፣ ጠንካራ ንብርብር ሲያገኝ እዚያው ይጠራቀማል። አንዳንዴ እስከ መሬቱ ወርዶ በረዶው በሣሩ ወይም በለሰለሰው ዐለት ላይ እንዲንሸራተት ያደርጋል። ተራራው ላይ ሰፊ ስንጥቅ አፉን ከፍቶ ካያችሁ ይሄ ጀምሯል ማለት ነው። መቼ እንደሚወርድ መገመት በጣም ከባድ ስለሆነ ከስሩ አለመቆየት ነው።

እርጥብ ናዳ ከደረቁ ይልቅ ቀርፋፋ ነው። ይህ ግን አያጽናናም። ክብደቱ ከባድ ነው፣ ሲቆም ደግሞ እንደ ሲሚንቶ ይደርቃል። እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1910 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ካስኬድ ተራሮች ላይ ዌሊንግተን በምትባል ትንሽ ጣቢያ ሁለት ባቡሮች በበረዶ ታግደው ቆመው ነበር። ለቀናት ሲወርድ የሰነበተው በረዶ ወደ ዝናብ ተቀየረ፣ መብረቅና ነጎድጓድም ተጨመረበት። ሌሊት ላይ ተራራው ተናደ። ባቡሮቹን ጠራርጎ ሸለቆው ውስጥ ከተታቸው። 96 ሰዎች ሞቱ። በረዶ ላይ የሚዘንብ ዝናብ ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ብዙ ሰው ጉዞ ሲያስብ የሚጠይቀው ነገ ቀኑ እንዴት ይሆናል ብሎ ነው። በፀደይ ግን ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ሌሊቱ እንዴት አደረ የሚለው ነው። ቀን የቀለጠው በረዶ ሌሊት ከረጋ ቅንጣቶቹ እንደገና ይያያዛሉ፣ ላዩ ላይ ጠንካራ ቅርፊት ይሠራል፣ ጠዋት ላይ ተራራው አስተማማኝ ይሆናል። ሌሊት ካልረጋ ግን አዲሱ ቀን የሚጀምረው ትናንት ከሰዓት ካቆመበት ነው።

በረዶው መርጋት አለመርጋቱ ደግሞ ቴርሞሜትር በማየት ብቻ አይታወቅም። በረዶ ሙቀቱን የሚያጣው ለነካው አየር ብቻ ሰጥቶ አይደለም። በዓይን በማይታይ ጨረር ወደ ሰማይም ይለቀዋል። ሰማዩ ከጠራ ሙቀቱ ሄደ፣ አይመለስም። ውርጭ የሚመታው በጠራ ሌሊት መሆኑን ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል፤ ነገሩ ያው ነው። አየሩ ደረቅና ሰማዩ ጥርት ያለ ከሆነ የአየሩ ሙቀት ከዜሮ ጥቂት ዲግሪ ከፍ ቢል እንኳ የበረዶው ገጽ ሊረጋ ይችላል። ደመና ካለ ግን እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ሙቀቱን መልሶ ይልከዋል። ቴርሞሜትሩ ዜሮ ቢያሳይም በረዶው በቅጡ ሳይረጋ ያነጋል። ስለዚህ ትንበያ ስታነቡ ዲግሪውን ብቻ ሳይሆን የሌሊቱን ደመና ፈልጉ። የከተማውን ትንበያም ለተራራው አትውሰዱት። ወደ ላይ ሲወጣ ሙቀቱ በየ1000 ሜትሩ በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፤ ዜሮ ዲግሪው የትኛው ከፍታ ላይ እንደሚውል የሚናገር የተራራ ትንበያ ነው የሚጠቅመው።

ሌሊቱ ጥሩ ከነበረ ጥያቄው የሰዓት ይሆናል። ፀሐይ መጀመሪያ የምታገኘው ወደ ምሥራቅ የዞረውን ገጽ ነው። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ቀጥሎ የደቡቡ፣ በመጨረሻም የምዕራቡ ገጽ ይሞቃል። በደቡቡ ንፍቀ ክበብ የደቡቡን ቦታ ሰሜኑ ይወስዳል። ምሥራቃዊውን ቁልቁለት ረፋድ ላይ ለመውረድ ያቀደ ሰው ዘግይቷል። ጎህ ሳይቀድ መነሳት ጀግንነት አይደለም፣ የሒሳብ ጉዳይ ነው። የምትመለሱበትን ሰዓትም ከመነሳታችሁ በፊት ወስኑ፤ ላይ ከደረሱ በኋላ የሚወሰን ሰዓት ሁልጊዜ ይለጠጣል።

ፀደይ አንዳንዴ ያታልላል። ድንገት ቀዝቅዞ አዲስ በረዶ ይጥላል፣ በማግሥቱ ፀሐይ ትወጣለች። ያ የመጀመሪያው ፀሐያማ ቀን ከሁሉም በላይ ያሰጋኛል። አዲሱ በረዶ ፀሐይ ለምዶ አያውቅም፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይንሸራተታል። ነፋስ ከነበረ ደግሞ በረዶውን ከአንዱ ጎን ጠርጎ ከሸንተረሩ ማዶ ይቆልለዋል። ጫፉ ላይ እንደ ጣሪያ ክፈፍ ወጥቶ የሚንጠለጠለውም በሙቀት ይላላል። ከላዩም ከስሩም መቆም አይገባም።

የናዳ ትንበያ በሚወጣባቸው ብዙ አገሮች አደጋው ከ1 እስከ 5 ይመዘናል። 3 መሐል ላይ ስለሆነ ምንም አይልም ብሎ ማሰብ ትልቅ ስህተት ነው። 5 በሆነ ቀን ሰው ቤቱ ይቀመጣል፤ ብዙ ሰው የሚሞተው 3 በሆነባቸው ቀናት ነው። በፀደይ ደግሞ ለጠዋትና ለከሰዓት የተለያየ ደረጃ ሊወጣ ስለሚችል የጠዋቱን ብቻ አይቶ መውጣት የለም። ከትንበያው ጋር ካርታውን አስተያዩ። ናዳ በብዛት የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባዘነበለ ቁልቁለት ላይ ነው። መንገዳችሁ ሜዳ ላይ ቢሆንም ከበላዩ እንዲህ ያለ ቁልቁለት ካለ ናዳው እናንተ ጋ ይደርሳል።

በጉዞ ላይ በረዶው ራሱ ይናገራል። ትንንሽ የበረዶ ኳሶች እየተንከባለሉ ሲወርዱ፣ ጫማችሁ ከቁርጭምጭሚት በላይ መስጠም ሲጀምር፣ አጠገባችሁ ሌላ ናዳ ሲወርድ ሰዓቱ አልፏል። እያንዳንዱ ሰው የሬዲዮ ምልክት ማሰራጫ፣ ረጅም መፈለጊያ ዘንግና አካፋ ይያዝ። የተቀበረ ሰው ተስፋ ያለው በመጀመሪያዎቹ 10 እስከ 15 ደቂቃዎች ነው፤ የውጭ እርዳታ በዚያ ጊዜ አይደርስም።

ጎህ ሳይቀድ ከድንኳን ስትወጡ በረዶውን በጫማችሁ ተረከዝ ምቱት። ድው ካለ በዱላ ውጉት፣ ቅርፊቱ ወፍራም ከሆነ ጥሩ ነው። ዱላው ስስ ቅርፊት በስቶ ጭቃ በሚመስል በረዶ ውስጥ ከሰመጠ ግን ሰማዩ የቱንም ያህል ቢጠራ ተመልሳችሁ ተኙ።