«ሌቦች ሲሰርቁ ሳይሆን ሲካፈሉ ይጣላሉ»፦ በባህር ወንበዴዎች ሲፈታ

የዚህ ምሳሌያዊ አነጋገር ጉልበቱ «ሳይሆን» በምትለዋ ቃል ላይ ነው። ሰሚው ሌባን የሚያስፈራው ስርቆቱ ይመስለዋል፤ ተናጋሪው ግን «የለም፣ ገና ነው» ይለዋል። ስርቆት ላይ ሁሉም አንድ ልብ ነው። አንዱ በር ይጠብቃል፣ አንዱ ይገባል፣ ኮሽ ካለ ሁሉም ስለሚያዙ ማንም አይተነፍስም። ጣጣው የሚመጣው ዕቃው መሬት ላይ ሲዘረገፍ ነው። በር የጠበቀው «ጭንቁ የኔ ነበር» ይላል፤ የገባው «ነፍሴን የሰጠሁት እኔ» ይላል። የሚዳኛቸው ሽማግሌ የለም፤ ተበደልኩ ብሎ መክሰስም አይቻልም። ስለዚህ ይጮኻሉ፣ ጎረቤት ይሰማል። አባባሉ በጥቅም ተሻርከው ኋላ አንዱ የሌላውን ጉድ ለሚያወጡ ሰዎች የሚነገረውም ለዚህ ነው።

ለእኔ አባባሉን እንደ ባህር ላይ ወንበዴ የሚፈታው የለም። የድሮዎቹ በተለይ አደጋው ክፍፍሉ ላይ እንዳለ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1722 የተገደለው ዌልሳዊው ባርቶሎሚው ሮበርትስ ለመርከቡ የጽሑፍ ደንብ ነበረው። በደንቡ መሠረት ካፒቴኑና ምርኮ የሚያከፋፍለው ሹም ሁለት ሁለት እጣ ይደርሳቸዋል፤ መድፈኛው አንድ ተኩል፣ ተራው መርከበኛ አንድ። በአገልግሎት ላይ እጁን ወይም እግሩን ያጣ ከጋራው ገንዘብ 800 የብር ዶላር ይቆረጥለታል። ከጋራው ምርኮ የአንድ ዶላር ያህል እንኳ የደበቀ ሰው ባዶ ደሴት ላይ ይጣላል። እርስ በርስ የተሰራረቁ እንደሆነ ደግሞ የጥፋተኛው ጆሮና አፍንጫ ይሰነጠቃል። ሌብነት የሚከለክል የሌቦች ሕግ!

ሕጉ ግን ሁልጊዜ አይሠራም። በ1695 ሄንሪ ኤቭሪ የተባለው እንግሊዛዊ ወንበዴ ከሌሎች መርከቦች ጋር ግንባር ፈጥሮ በቀይ ባህር መውጫ በባብ ኤል መንደብ አድፍጦ፣ የሕንዱን ንጉሠ ነገሥት የአውራንግዜብን ታላቅ መርከብ፣ ጋንጅ ኢ ሳዋይን አሳዶ ያዘ። ሐጅ ደርሰው የሚመለሱ መንገደኞች፣ ወርቅና ብር ነበሩበት። ዘረፋው ላይ ተባበሩ። ኋላ ግን የኤቭሪ ሰዎች ፐርል ከተባለችው አጋር መርከብ ሰዎች ጋር ገንዘብ ሲመነዝሩ፣ የፐርል ሰዎች ጠርዙ ተልጎ የጎደለ ሳንቲም እንደሰጧቸው ደረሱበት፤ ያካፈሏቸውንም ምርኮ መልሰው ነጠቁ። ከኤቭሪ መርከበኞች አንዱ ደግሞ ድርሻውን ኮቱ ውስጥ ሰፍቶ እንግሊዝ ሲገባ፣ ያረፈበት ቤት ሠራተኛ የኮቱ ክብደት አስጠርጥሯት ተያዘ። ከ1,000 ፓውንድ በላይ የሚያወጣ ወርቅ ነበር። እሱ በጓዶቹ ላይ መስክሮ ነፍሱን አተረፈ፤ አምስቱ በ1696 ለንደን ላይ ተሰቀሉ። ኤቭሪ ራሱ ግን እንደወጣ ቀረ።

ወደ ዘመናችን የሶማሊያ ጠረፍ ስንመጣ ጀልባው ሞተር አለው፣ ምርኮውም ዕቃው ሳይሆን መርከቡና መርከበኛው ነው። ትልቁ ለውጥ ግን እጣው ላይ ነው። ሮበርትስ ከተራው ሰው የሚበልጠው በአንድ እጣ ብቻ ነበር፤ ያውም አብሮ እየተዋጋ። ዛሬ ግን ባህር ሳይነካ የብስ ላይ ተቀምጦ ለጠለፋው ገንዘብ የሚያወጣ ባለሀብት አለ። የዓለም ባንክ ከተባበሩት መንግሥታት የወንጀል መከላከያ ቢሮና ከኢንተርፖል ጋር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ጥናት እንደተገለጸው፣ ከማስለቀቂያው ገንዘብ ከ30 እስከ 50 በመቶው የሚሄደው ለእሱ ነበር። መርከቡ ላይ የወጣው ታጣቂ ከ30,000 እስከ 75,000 ዶላር ይደርሰው ነበር። መሰላል ይዞ ለመጣ ወይም ቀድሞ ለዘለለ ጉርሻ ነበረው፤ ጠለፋው ወራት ሲፈጅ በዱቤ የቃመው ጫት ግን ከድርሻው ይቀነስ ነበር። አንዳንዱ ስንት ይዞ ይወጣ እንደነበር ገምቱት።

ድርሻ ተቀብሎ መውጣትም ሌላ ጣጣ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2009 ሲሪየስ ስታር የተባለችው ግዙፍ ነዳጅ ጫኝ መርከብ በፓራሹት በተጣለላቸው ገንዘብ ከተለቀቀች በኋላ፣ ተካፍለው የሚሸሹ ወንበዴዎች ጀልባ ተገልብጦ አምስቱ ሰጠሙ። የአንዱ አስከሬን 153,000 ዶላር በፕላስቲክ ከረጢት ይዞ ባህር ዳርቻ መገኘቱ ተዘግቧል።

ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን በዓመቱ የሆነው ነው። በኅዳር 2009 ማራን ሴንቶረስ የተባለች የግሪክ መርከብ ወደ 2 ሚሊዮን በርሜል የሚጠጋ ድፍድፍ ነዳጅ እንደጫነች ተጠለፈች። ጠለፋው ያለ ብዙ ግርግር አለቀ። ጥር ላይ ማስለቀቂያው ሊደርስ ሲል ግን ተቀናቃኝ ቡድን «የኛስ?» ብሎ በፈጣን ጀልባ መጣ፤ ተኩስ ተከፈተ። በጊዜው እንደተዘገበው፣ መርከቧ ላይ የነበሩት ወንበዴዎች ሲጨንቃቸው በሬዲዮ የድረሱልን ጥሪ አሰሙ፤ የጠሩትም እነሱን ሊያሳድድ ባህሩ ላይ የተሰማራውን የጦር መርከብ ነበር።