ሳሙራይ ሳይበላም ስንጥር ይነክሳል

ጃፓኖች «ቡሺ ዋ ኩዋኔዶ ታካዮጂ» ይላሉ። ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ «ሳሙራይ ሳይበላም ስንጥሩን ከፍ አድርጎ ይይዛል» እንደ ማለት ነው። ሰውየው ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ቢሆንም ልብሱን አስተካክሎ፣ ሁለቱን ጎራዴዎቹን ታጥቆ፣ ጥርሱ መካከል ስንጥር ሰክቶ ከቤቱ ይወጣል። ጥርሱን ቀስ እያለ እየጎረጎረ በጎረቤቶቹ ፊት ያልፋል። ያየው ሁሉ «ይህ ሰው ዛሬ ምን በልቶ ይሆን?» እንዲል ነው።

ቃላቱን አንድ በአንድ እንፍታቸው። «ቡሺ» ጦረኛ ነው፤ «ኩዋኔዶ» ባይበላም፤ «ታካ» ከፍ ያለ። «ዮጂ» ዛሬ ሆቴል ቤት ስቲኪኒ የምንላት ስንጥር ናት። በጥንቱ አጻጻፍ የቃሉ የመጀመሪያ ፊደል አኻያ ዛፍን ያመለክታል፤ ስንጥሩ ከአኻያ ቅርንጫፍ ይሠራ ነበርና። ከእነዚህ መካከል አንደኛው ዓይነት ጫፉ ተቀጥቅጦ እንደ ብሩሽ የሚበተን ነበር፤ መፋቂያ ለሚያውቅ አበሻ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያሻውም። በኤዶ ከተማ፣ ማለትም በዛሬዋ ቶኪዮ፣ በአሳኩሳ ቤተ መቅደስ ዙሪያ ይህንኑ የሚሸጡ ሱቆች ነበሩ። «ከፍ» የተባለውም የእንጨቱ ቦታ ብቻ አይደለም፤ የአያያዙ ዝግታ፣ የጠገበ ሰው መዝናናት ነው።

አባባሉን ለትውልድ ካቆዩት ነገሮች አንዱ የልጆች መጫወቻ ካርታ ነው። ካርታዎቹ በጃፓን ፊደል ተራ የተደረደሩ ሲሆኑ እያንዳንዳቸው በፊደላቸው የሚጀምር አንድ ምሳሌያዊ አነጋገር ይይዛሉ። በኪዮቶና በኦሳካ ካርታዎች «ፉ» ፊደል ላይ የተቀመጠው ይኸው የተራበ ሳሙራይ ነው (ጃፓኖች «ቡ»ን የሚጽፉት «ፉ» ላይ ሁለት ጭረት ጨምረው ነው)። በኤዶ ካርታ ግን በዚያው ፊደል ላይ ሳሙራዩ የለም፤ ደብዳቤ መላክ ስለፈለገ፣ መጻፍ ግን ስለማይችል ሰው የሚናገር ሌላ አባባል ተተክቶበታል። ይህ ልዩነት ያስገርመኛል። ኤዶ የሳሙራይ ከተማ ነበረች፤ ኦሳካ ደግሞ የነጋዴ። ስለዚህ አባባሉን በአፋቸው ያጣፈጡት ስንጥር የሚነክሱት ሳይሆኑ በሱቃቸው በር ቆመው የሚያዩአቸው ናቸው ብዬ እጠረጥራለሁ። የእኔ ግምት ነው፤ ግን የነጋዴ ፈገግታ ይሸተኛል።

ነጋዴው ለመሳቅ ምክንያት ነበረው። የሳሙራይ ደመወዝ የሚሰፈረው በሩዝ ነበር። መለኪያው «ኮኩ» ይባላል፤ አንድ ኮኩ 180 ሊትር ያህል ሲሆን አንድ ሰው በዓመት ይበላዋል ተብሎ የሚገመት ነው። ሳሙራዩ ሩዙን ለነጋዴ ሸጦ ገንዘብ ያገኛል፤ ዋጋ ሲወድቅ ይበደራል፤ ጌታው ሲቸግረው ደግሞ ከደመወዙ ይቆርጥበታል። በማዕረግ ከነጋዴው እጅግ በላይ፣ በኪስ እጅግ በታች ሆነ። ማታ ማታ ቤቱን ዘግቶ የወረቀት ጃንጥላ የሚሠራ ሳሙራይ ብርቅ አልነበረም።

እንግዲህ አባባሉ ሁለት ፊት አለው። አንደኛው ምስጋና ነው፤ ድህነት ክብሩን ያላስጣለው፣ ቸግሮት የማይለምን ሰው ይወደስበታል። እኛ «ኩራቱ እራቱ» የምንለው ዓይነት። ሁለተኛው ፌዝ ነው፤ ባዶ ሆዱን በባዶ ጉራ የሚሸፍን ሰው ይታማበታል። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው በተናጋሪው ነው። የተራበው ስለ ራሱ ሲለው ጨዋነት አለው። የጠገበ ሰው ስለ ተራበው ሲለው ምን እንደሚሆን ያየሁት ግን በመዝገበ ቃላት ሳይሆን በፊልም ነው።

ፊልሙ በ1962 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ማሳኪ ኮባያሺ ያዘጋጀው «ሴፑኩ» ነው፤ በውጭው ዓለም «ሃራኪሪ» በሚለው ስም ይታወቃል። ሁለቱም ቃላት ሆድን በገዛ እጅ ቀዶ መሞትን ይገልጻሉ። ድርሰቱን ለፊልም የጻፈው ሺኖቡ ሃሺሞቶ ነው። ይኸው ሰው ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ የ«ሰባቱ ሳሙራይ» ጸሐፊዎች አንዱ ነበር፤ በዚያ ፊልም የመንደሩ ሽማግሌ ገበሬዎቹን «የራበው ሳሙራይ ፈልጉ፤ ድብም ሲርበው ከተራራው ይወርዳል» ብሎ ይመክራቸዋል። በ«ሴፑኩ» ግን የራበው ሳሙራይ የሚወርደው ወደ መንደር ሳይሆን ወደ መኳንንት ደጅ ነው።

ዘመኑ 1630 ነው። ጦርነቱ አብቅቷል፤ ብዙ መሳፍንት ግዛታቸውን ተነጥቀዋል። ከእነርሱ አንዱ የሂሮሺማው ፉኩሺማ ማሳኖሪ ሲሆን በ1619 ግዛቱን ያጣው ግንቡን ያለ ፈቃድ ጠግነሃል ተብሎ ነው። ጌታቸው የወደቀባቸው ሳሙራዮች ሮኒን ሆነው በኤዶ ይንከራተታሉ። በፊልሙ ታሪክ አንድ ዘዴ ይፈጠራል፤ ሮኒኑ የአንድ ትልቅ ቤት ደጅ ይሄድና «በክብር እንድሞት ግቢያችሁን ፍቀዱልኝ» ይላል። ቤቱ ደም እንዳይፈስበት ጥቂት ገንዘብ ሰጥቶ ይሸኘዋል። የኢይ ቤት ሹማምንት ግን ይህ ደጅ ጥናት እንዲቆም መቀጣጫ ይፈልጋሉ። ቺጂዋ ሞቶሜ የሚባል ወጣት ሲመጣ ገንዘብ አልሰጡትም፤ ነጭ ልብስ አለበሱት። የአንድ ሁለት ቀን ጊዜ ቢለምናቸው ፈሪ አሉት። ጎራዴውን ከአፎቱ ሲመዝዙት ቀርከሃ ሆኖ ተገኘ፤ ብረቱ ተሸጧል። ታዲያ የሳሙራይ ጎራዴ ነፍሱ አይደለም ወይ? በራስህ ጎራዴ ሙት ተባለ። ቀርከሃው ሆዱን አልቀድ ሲል አንገቱን ሊቀላለት የቆመው ሰው በደንብ እስኪቀድ ድረስ አልገላግልህም አለው። ወጣቱ ምላሱን ነክሶ ሞተ።

(የቀርከሃ ጎራዴ በጃፓንኛ «ታኬሚትሱ» ይባላል። የዚህ ፊልም ሙዚቃ ደራሲ ስሙ ቶሩ ታኬሚትሱ መሆኑ አጋጣሚ ብቻ ነው፤ አጻጻፉ ሌላ ነው። እኔ ግን ስሙ በመጣ ቁጥር ሰቅጠጥ ይለኛል።)

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሌላ ሮኒን በዚያው ደጅ ይቆማል፤ ሃንሺሮ። የሞቶሜ አማት ነው። የተጫወተው ታትሱያ ናካዳይ ሲሆን ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር፤ ልጅ ድሮ የልጅ ልጅ ያየ ሰው መሆኑን ግን ማንም አይጠራጠርም። ግቢው መካከል ተቀምጦ ታሪኩን ይተርካል። ሕፃኑ በትኩሳት ይነድ ነበር፤ እናትየው ሚሆ በሳንባ በሽታ ደክማ ነበር፤ ሐኪም የሚጠራበት ገንዘብ አልነበረም። ሞቶሜ ብረቱን የሸጠው ለእነርሱ ነው። የለመናት አንድ ቀንም ለእነርሱ ነበረች። ሬሳው ቤት ሲደርስ ከቀርከሃው ጋር ነበር። ቀጥሎ ልጁ፣ ከዚያም ሚሆ ሞቱ።

ፊልሙ ውስጥ እኔን ጨርሶ የማይለቀኝ ጎራዴ ሲጋጭ የሚታይበት አይደለም። ሃንሺሮ የአማቹን ቀርከሃ ባየ ጊዜ የገዛ ጎራዴውን አፍ አውጥቶ ይረግማል። እርሱም ድሃ ነው፤ የሚሞተው የእርሱም የልጅ ልጅ ነው፤ ጎራዴውን መሸጥ ግን በሐሳቡ እንኳ አልመጣበትም ነበር። ለዚህ ከንቱ ነገር ተጣብቄ ኖርሁ ይላል። አባባሉ የሚያሞግሰው ሰው እርሱ ነበር፤ ሳይበላ ስንጥሩን ያልጣለ። ፈሪና አጭበርባሪ የተባለው ወጣት ደግሞ ስንጥሩን ለልጁ መድኃኒት የሰጠ ሆኖ ተገኘ።

በጃፓን የበቀል ታሪክ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱት አርባ ሰባቱ ሮኒን ናቸው፤ በ1703 የጌታቸውን ባላጋራ ገድለው ራሱን ወደ ጌታቸው መቃብር ወደ ሴንጋኩጂ የወሰዱት። የእነርሱ ደም መመለስ ለጌታ የተከፈለ ዕዳ ነው። ሃንሺሮ የሚመልሰው ደም ግን የልጁ ባል ደም ነው፤ ተበቃዩም ማንም ጌታ የሌለው ድሃ። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንደሚባለው በሞቶሜ ላይ የጨከኑትን ሦስት ሰዎች አንድ በአንድ አሳድዶ ይዟቸዋል። አልገደላቸውም። ቁንጮአቸውን ቆረጠ። ለሳሙራይ ቁንጮውን መነጠቅ ከሞት የሚከፋ ውርደት ነው፤ በሞት ማካካስ ይገባቸው ነበር። እነርሱ ግን ጸጉራቸው እስኪያድግ «ታመናል» ብለው ቤታቸው ተደበቁ። ሃንሺሮ ሦስቱን ቁንጮዎች ከጉያው አውጥቶ መሬት ላይ ይጥላቸዋል። ጸጉር ሲወድቅ ድምፅ የለውም፤ ያ ግቢ ግን ከሰይፍ ይልቅ በእርሱ ደነገጠ።

ከዚያ በኋላ ውጊያ ነው። አራት ገደለ፤ ስምንት አቆሰለ። በቤቱ ውስጥ እንደ ታቦት የሚከበረውን የአያቶቻቸውን ጥሩር አንሥቶ ፈጠፈጠው፤ ውስጡ ማንም የለም። የገዛ ሆዱን ሲወጋ በጠመንጃ ተኩሰው ጣሉት። የቤቱ ዜና መዋዕል ግን ሮኒኑ በሴፑኩ ሞተ፣ የሞቱት የቤቱ ሰዎችም በሕመም ሞቱ ብሎ ጻፈ። ኮባያሺ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወደ ማንቹሪያ የዘመተ፣ ማዕረግ ቢሰጠው አልቀበልም ብሎ ተራ ወታደር ሆኖ የቆየ ሰው ነበር። እንዲህ ያለውን መዝገብ ማን እንደሚጽፈው ያውቃል። ፊልሙ በ1963 በካን ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማት አገኘ።

አርባ ዓመት ቆይቶ፣ በ2002፣ ፊልም አዘጋጁ ዮጂ ያማዳ ቀርከሃውን እንደገና አነሣው። በእርሱ ፊልም ሴይቤ የሚባል የ50 ኮኩ ሳሙራይ አለ፤ ማታ የፌንጣ ማኖሪያ ጎጆ እየሠራ ሁለት ሴት ልጆቹን ያሳድጋል። ቤት ዘግቶ የተቀመጠ ዜንኤሞን የተባለ ዐመፀኛ እንዲገድል ይታዘዛል። ገብቶ ሲቀመጥ ዜንኤሞን መጠጥ ይዞ ያወራዋል። ሚስቱና ልጁ በበሽታ እንዳለቁበት ይነግረዋል፤ እንዲያመልጥ እንዲተወው ይለምነዋል። ሴይቤም ያዝንለታል፤ ወሬ ወሬን ሲያነሣ ለሚስቱ ቀብር ብሎ ረጅሙን ጎራዴ እንደ ሸጠ፣ አፎቱ ውስጥ ያለው ቀርከሃ እንደ ሆነ ይነግረዋል። ዜንኤሞን ራሱ ከሴይቤ የማይሻል ምስኪን ነው፤ ከደቂቃ በፊት የሚለምነው መሄጃ መንገድ ብቻ ነበር። ቀርከሃ የሚለውን ሲሰማ ግን ፊቱ ተለወጠ፤ እኔን በአጭሩ ጎራዴ ልትገድል ነው የመጣኸው ብሎ ተቆጣ። መንገዱንም ረሳው፤ ጎራዴውን መዘዘ።