የገልባጭ መኪና ጭነት ልክነት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በክፍት የማዕድን ማውጫ የሚሠሩ ግዙፍ ገልባጭ መኪኖች በአንድ ምልልስ ከ200 ቶን በላይ የሚሸከሙ በመሆናቸው፣ የተጫነባቸውን ክብደት በትክክል ማወቅ ምርትንም፣ የጎማንና የፍሬንን ዕድሜም፣ የሾፌሩን ደኅንነትም ይነካል። ሆኖም በሥራው ላይ ባሉ ባለሙያዎች ዘንድ ሳይቀር የሚደጋገሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች አሉ።

«አማካዩ ከታለመው ጭነት ጋር ከገጠመ ችግር የለም።»

ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስተው ይህ ነው። እንዲሸከም የታሰበለት 200 ቶን የሆነ መኪና አምስት ጊዜ 160፣ አምስት ጊዜ ደግሞ 240 ቶን ቢጫንበት አማካዩ ልክ 200 ይሆናል፤ ሪፖርቱም እንከን የለሽ ይመስላል። ነገር ግን 160 ቶን የያዘው ምልልስ ከሙሉ ጭነት ብዙም ያላነሰ ጊዜ ስለሚወስድ የጎደለው 40 ቶን በዚያው ይቀራል፤ 240 ቶን የያዘው ደግሞ ዳገቱን በዝግታ ስለሚወጣ ከኋላው የተሰለፉትን ሁሉ ያዘገያል። ጉዳቱም እኩል አይካካስም፤ በብየዳ በተያያዘ ብረት ላይ የሚደጋገመው ጫና በ10 በመቶ ሲጨምር የብየዳው ዕድሜ በሩብ ያህል ያጥራል፣ በሌላ ምልልስ ቀለል አድርጎ መጫን ግን የተጎዳውን ብረት አይጠግነውም። የማዕድን መኪኖች አምራቹ ካተርፒላር ያወጣው የታወቀ መመሪያ ሦስት ነገሮችን በአንድነት የሚጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው፦ አማካዩ ከታለመው እንዳይበልጥ፣ የታለመውን 110 በመቶ የሚያልፉ ጭነቶች ከ10 በመቶ እንዳይበልጡ፣ 120 በመቶን የሚያልፍ ግን አንድም እንዳይኖር። ከላይ በተሰጠው ምሳሌ ከጭነቶቹ ግማሽ ያህሉ 110 በመቶን አልፈዋል። ስለዚህ ኃላፊዎች ከአማካዩ አስቀድመው የጭነቶቹን መራራቅ መመልከት ይኖርባቸዋል።

«መኪናው ላይ የተገጠመው ሚዛን ያሳየው ቁጥር አያጠራጥርም።»

አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ሚዛኖች ክብደቱን በቀጥታ አይመዝኑም፤ መኪናውን ተሸክመው ንዝረቱን የሚያለዝቡት፣ ዘይትና ናይትሮጅን የተሞሉ አራት ሲሊንደሮች ውስጥ ካለው ግፊት ያሰሉታል እንጂ። መኪናው ቆሞ ሲጫን ዘይቱና ጋዙ እንዳያመልጥ የሚዘጋው የሲሊንደሩ ማኅተም የሚፈጥረው ሰበቃ የሲሊንደሩን ዘንግ ሊይዘው ስለሚችል፣ የተወሰነው ክብደት በግፊቱ ላይ ሳይታይ ይቀራል። መኪናው ተንቀሳቅሶ ዘንጉ ወደ ላይና ወደ ታች ሲመላለስ ግን ሰበቃው በሁለቱም አቅጣጫ ስለሚሠራ ይቻቻላል፤ በጉዞ ላይ የሚወሰደው ንባብ በመጫኛው ቦታ ከሚታየው ይበልጥ የሚታመነው ለዚህ ነው። የመጫኛው ወለል ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል ወይም የአንዱ ሲሊንደር ጋዝ ሲጎድል ደግሞ ንባቡ ይዛባል። በየጊዜው የተወሰኑ መኪኖችን በመሬት ሚዛን አስመዝኖ ማመሳከር አስፈላጊ ነው።

«ካሶኒው (የመኪናው የጭነት ሣጥን) ሞልቶ ከታየ ጭነቱ ልክ ነው።»

ዓይን የሚለካው ይዘትን እንጂ ክብደትን አይደለም። ተፈንድቶ የላላ ባዛልት በሜትር ኪዩብ ወደ 2 ቶን ሲጠጋ፣ የላላ የድንጋይ ከሰል 1 ቶን እንኳን አይሞላም፤ ዝናብ ያረሰው አፈርም ከደረቁ ይከብዳል። ስለዚህ መኪናውን የሚጭነው የኤክስካቫተር (የመቆፈሪያ ማሽን) ኦፕሬተር በካሶኒው ቁመት ብቻ ከተመራ፣ የሚነሳው ቁስ በተለወጠ ቁጥር ስህተቱም ይለወጣል።

«የጎደለውን ለመሙላት አንድ ባኬት መጨመር ምንጊዜም ያዋጣል።»

220 ቶን የታለመለት መኪና በአራት ባኬት (የኤክስካቫተሩ መዛቂያ) 200 ቶን ደርሷል እንበል። አምስተኛው ሙሉ ባኬት 50 ቶን ቢጨምር ጭነቱ 250 ይሆናል፤ ይህም ከታለመው 114 በመቶ ገደማ ነው። በግማሽ ባኬት መሙላት ይቻላል፣ ነገር ግን ኤክስካቫተሩ ለዚያ የሚያጠፋው ጊዜ ከሙሉው ብዙም አያንስም። ወረፋ ከሚጠብቅ ሌላ መኪና ጋር ሲመዘን፣ በእኔ አስተያየት፣ 91 በመቶ የተጫነውን ማሰናበት ይሻላል።

«አምራቹ የጻፈው የጭነት ልክ አይለወጥም።»

የማይለወጠው የመኪናውና የጭነቱ ድምር ጣሪያ ነው። ካሶኒው ተጨማሪ የብረት ልባስ ሲለጠፍበት ወይም እርጥብ ጭቃ ሳይራገፍ ሲቀርበት፣ ለማዕድኑ የሚተርፈው ክብደት በዚያው ልክ ይቀንሳል። ባዶ ክብደቱ ሚዛኑ ላይ ካልታደሰ ደግሞ ተጣብቆ የሚመላለሰው ጭቃ በየምልልሱ እንደ አዲስ ምርት ስለሚቆጠር፣ ወደ ፋብሪካው የገባው ቶንና መኪኖቹ አጓጓዝን የሚሉት ቶን አይገጥሙም።