ሁለተኛ ደረጃ ማዕቀብ ሕጋዊ ነው?

አንድ አገር የራሱን ዜጎችና ድርጅቶች ከተቀጣው አገር ጋር እንዳይነግዱ ቢከለክል ብዙም አያከራክርም። ክርክሩ የሚነሳው ክልከላው ወደ ሦስተኛ አገር ሲሻገር ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ማዕቀብ የሚባለውም ይኸው ነው፤ ለምሳሌ አሜሪካ የጀርመንን ኩባንያ ከኢራን ጋር ከነገድክ ገበያዬ ይዘጋብሃል ስትል።

ሕጋዊነቱ በቅጣቱ ዓይነት ይወሰናል። መቀጮ ወይም ክስ ከሆነ የግዛት፣ የዜግነት ወይም ሌላ እውቅና ያለው የሥልጣን መሠረት ይጠይቃል። የዶላር ክፍያ በአሜሪካ ባንክ በኩል ካለፈ ዋሽንግተን «ግዛቴን ነክቷል» ትላለች። እ.ኤ.አ. በ2014 የፈረንሳዩ ባንክ ቢኤንፒ ፓሪባ 9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ መቀጮ የከፈለው በዚሁ መንገድ ነው፤ መሠረቱ የአሜሪካ ግዛት ስለሆነ ጉዳዩን የሁለተኛ ደረጃ ማዕቀብ ምሳሌ ማድረግ ስህተት ነው።

ቅጣቱ ገበያ መዝጋት ብቻ ሲሆን ግን ሕገወጥ ነው ብሎ መከራከር ይከብዳል። በልማዳዊ ሕግ፣ ማለትም ከአገሮች የጸና አሠራር በመነጨው ዓለም አቀፍ ሕግ፣ ማንም አገር ከሌላው ጋር የመነገድ አጠቃላይ ግዴታ የለበትም። የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1986 በኒካራጓ ጉዳይ የአሜሪካ የኢኮኖሚ እርምጃዎች በሌላ አገር ጉዳይ ጣልቃ ያለመግባትን ልማዳዊ መርህ ጥሰዋል አላለም። ውል ካለ ነገሩ ይለወጣል፦ የዓለም ንግድ ድርጅት ደንብ ሊጣስ ይችላል፣ ተከሳሹ አገርም ለደኅንነት ሲባል ከደንቡ መውጣትን የሚፈቅደውን የብሔራዊ ደኅንነት አንቀጽ ይመዛል።

እንዲህ ያለውን ማዕቀብ ለመመከት የአውሮፓ ኅብረት ደንብ 2271/96 የኅብረቱ ኩባንያዎች በአባሪው የተዘረዘሩትን የአሜሪካ ሕጎች እንዳያከብሩ ይከለክላል። ከባድ ጉዳት የሚደርስበት ኩባንያ ከኅብረቱ አስፈጻሚ አካል ከአውሮፓ ኮሚሽን ፈቃድ መጠየቅ ይችላል። ብዙዎቹ ግን የአሜሪካን ገበያ ከማጣት የኢራኑን ትተው መውጣትን መርጠዋል።